ቁራኛ ስለሚባለው ቃል

አንድ ሰው ታሞ ብዙ ጊዜ ሲተኛ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ይባላል። ብድር የበዛበትን ሰው «የዕዳ ቁራኛ» ይሉታል። የሚጠረጥረውን ሰው ከዓይኑ የማያርቅ ደግሞ «በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀዋል» ይባላል። እነዚህን ሦስት አነጋገሮች የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ሳስተምር በነበርሁበት ዘመን «ቁራኛ ራሱ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ፥ የሚመልስልኝ ተማሪ ከስንት አንድ ነበር። አንዱ «በሽታ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጠባቂ ነው» ይላል፤ አንድ ደፋር ልጅም «ከቁራ የመጣ ነው፤ የቁራ ዓይን አያንቀላፋምና» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አስቆታል። መልሱ ባይሆንም ልጁ ማሰቡን ወድጄለታለሁ።

ቁራኛ በሽታም አይደለም፤ ወፍም አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ሲታሰሩ፥ ወይም የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ ሲቋጠር፥ እስራቱ ቁራኛ ይባል ነበር፤ አብሮ የታሰረውም ሰው ቁራኛ ይባል ነበር። ስለዚህ ብቻውን ቁራኛ የሆነ ሰው በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ቃሉ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ወጣቶች አንባቢዎቼ ይህን ነገር ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

በቋንቋችን የማሰር ቃል ብዙ ነው። የሁሉም ታላቅ «አሰረ» የሚለው ነው። ገበሬ ነዶውን ያስራል፤ እረኛ ጥጃውን ያስራል፤ ቄስ ጥምጥሙን ያስራል፤ ሁለት ባላጋሮች ቃል ኪዳን ያስራሉ፤ የተራበ ሰው አንጀቱን አስሮ ይውላል። ዳኛም ወንጀለኛን ያስራል። ግእዙም «አሰረ» ይለዋል፤ ዕብራይስጡ «አሳር»፥ ዐረብኛውም «አሰረ» ይለዋል፤ ዐረቦች ምርኮኛን «አሲር» ሲሉ የኛን «እስረኛ» በደንብ ያስታውሰናል። እንግዲህ ይህ ቃል ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ገና ወንድማማቾቹ ቋንቋዎች ሳይለያዩ የነበረ ነው። «ቋጠረ» የሚለውም እንዲሁ የቆየ ነው። ግእዙ «ቈጸረ» ነው፤ ጸጉር ጠጉር፥ ጸበበ ጠበበ እንደ ሆነ ሁሉ እዚህም ላይ ጸ ወደ ጠ ተለውጧል። መንገደኛ ስንቁን ይቋጥራል፤ ዛፍ ፍሬውን ይቋጥራል፤ ሰማይ ደመና ይቋጥራል፤ የሰው ልብ ደግሞ ቂም ይቋጥራል።

«ቆረኘ» ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል። ነዶን ማሰር ይቻላል፤ ነዶን መቆራኘት ግን አይቻልም። ዐረቦች «ቀረነ» የሚል ግስ አላቸው፤ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማጣመር ነው። ሁለት ግመሎች አንድ ላይ የሚታሰሩበትን ገመድ «ቀረን» ይሉታል፤ የማይለይ ጓደኛንም «ቀሪን» ይሉታል። የፊደሎቹን መመሳሰል አንባቢው ራሱ ይየው። ገመድና ጓደኛ ከአንድ ግስ ሲወጡ በኛ ቋንቋ ብቻ የሆነ ነገር አለመሆኑን ያሳየናል።

አሁን ወደ ሥርዓቱ ልመለስ።

በመንገድ ላይ ወይም በገበያ መካከል ሁለት ሰዎች ሲጣሉ፥ ተበደልሁ የሚለው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮሃል። ይህን የሰማ ሰው እግሩን ማንሣት አይችልም፤ ቢያነሣ ከበደሉ በላይ ሌላ በደል ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ጎን ለጎን ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛው ቅርብ ከሆነ በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ፤ ሩቅ ከሆነ ወንዝ አብረው ይሻገራሉ፤ ፀሐይ አብሮ ይመታቸዋል። ኩታ የብረት ያህል ጥንካሬ እንደሌለው የታወቀ ነው፤ ተከሳሹ ልብሱን ጥሎ መሮጥ ይችላል። ነገር ግን ጥሎት የሄደው ልብስ በዳኛ ፊት ይመሰክርበታል። ስለዚህ ያ ቋጠሮ የሚይዘው ገላን ሳይሆን ስምን ነበር ለማለት ይቻላል።

ነገሩ የከበደ እንደ ሆነ፥ ወይም ባለዕዳው የሚከፍለው ያጣ እንደ ሆነ ግን ቋጠሮው ሰንሰለት ይሆናል። የተበዳሪው አንድ እጅ ከአበዳሪው አንድ እጅ ጋር ይታሰራል። እስኪከፈል ድረስ፥ ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ፥ አብረው ይውላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ ተቆራኝተው በገበያ ሲሄዱ አይተው ተደንቀዋል፤ ጽፈውታልም፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። በዚያ ዘመን የነበረውን ብረት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በዐፄ ቴዎድሮስ እስር መቅደላ ላይ ቆይቶ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የተፈታው እንግሊዛዊው ሐኪም ብላንክ የጻፈውን ያንብብ። የእግር ብረቱ ቁልፍ አልነበረውም። ቀለበቱ በእግር ላይ እየተቀጠቀጠ ይገጠማል፤ ሲፈታም እንዲሁ በመምታትና በመፈልቀቅ ነው። እንዲህ ያለ ብረት ማታ ወልቆ ጧት የሚገባ ጌጥ አይደለም።

ታዲያ አባቶቻችን ሰውን ከግድግዳ ጋር ማሰር ሲችሉ ስለ ምን ከሰው ጋር አሰሩት? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ግድግዳው አልነበረም። የነገሥታቱ ከተማ ብዙ ጊዜ የድንኳን ከተማ ነበር፤ ዛሬ ተተክሎ ነገ ይነቀላል። እስረኛን የሚጠብቅ ሕንፃ፥ ደመወዝ የሚበላ ዘበኛ፥ ለእስረኛ ምግብ የሚመደብ ገንዘብ በየአገሩ አልነበረም። የነበረው የተበደለው ሰው ራሱ ነው። «በደለኝ ካልህ አንተው ጠብቀው» ተባለ።

ሁለተኛው ነገር ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ሕግ አውጪዎቹ አስበውበት ያደረጉት ነው አልልም፤ ሥርዓቱ ግን ያንን ሥራ ይሠራ ነበር። ያሰረ ሰው ታስሯል። አበዳሪው ባለዕዳውን በያዘበት እጁ እርሻውን ሊያርስ አይችልም። ባለዕዳው ሲተኛ ይተኛል፤ ሲነሣ ይነሣል፤ ሲያስለው ይሰማዋል። በሦስተኛው ቀን ላይ «ይህ ሃያ ብር የእኔን ስንት ቀን ይበላል?» ብሎ መቁጠር ይጀምራል። የዕዳውም ልክ፥ የቂሙም ልክ በራሱ ክንድ ላይ ይመዘናል። ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ሲመጡም አድማጭ የሚያገኙት ከሁለቱም ወገን ነው፤ ሁለቱም መፈታት ይፈልጋሉና።

ይህን ነገር በኛ አገር ብቻ የታሰበ አድርጎ መቍጠር አይገባም። ሮማውያን እስረኛን ከወታደር ጋር በአንድ ሰንሰለት ያስሩ ነበር። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ጴጥሮስ በሁለት ወታደሮች መካከል በሁለት ሰንሰለት ታስሮ መተኛቱን፥ ጳውሎስም ሮሜ ላይ በተከራየው ቤት ከሚጠብቀው ወታደር ጋር መኖሩን ያውቃል። በዚያው ዘመን የነበረው የኔሮን መምህር ሴኔካ ይህን ሰንሰለት ተመልክቶ ያሰሩትም ሰዎች እንደ ታሰሩ ጽፏል፤ በግራ እጅ የሚታሰረው ወታደር ሰንሰለቱ ስለ ቀለለለት አይደለም ለማለት ነው። ሴኔካ ስለ ሰው ሁሉ ኑሮ ሲናገር ያመጣው ምሳሌ ነው እንጂ ስለ ወህኒ ቤት አልነበረም። እኔ ግን ልጅ ሆኜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የጳውሎስን ታሪክ በተማርሁ ጊዜ በሐሳቤ የቀረው ያ ስሙ ያልተጻፈ ወታደር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተባለውን ሁሉ ሰምቷል፤ ተነሥቶ መውጣት አይችልምና!

ቁራኛን ግን ማር ቀብቼ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ጭካኔ ነበረበት። ድኻው ነው የሚታሰረው፤ ሰው ያለው አይታሰርም። ዋስ የሚጠራ ዘመድ ያለው ሰው ወዲያው ይፈታል፤ ዘመድ የሌለው መጻተኛ ግን ዕዳውን በምጽዋት ለቅሞ እስኪከፍል ድረስ ሰንሰለቱን ይዞ ሲለምን ይውል ነበር። ከዚህም የከፋው ሌላ ነገር አለ። አበዳሪው ባለጸጋ የሆነ እንደ ሆነ ራሱ አይቆራኝም፤ አሽከሩን በምትኩ ያስራል። እንግዲህ በዚህ በኩል ብድር የበላ ድኻ፥ በዚያ በኩል ብድር ያላበደረ ድኻ፥ ጌታው ደግሞ በእልፍኙ። በእኔ አሳብ ሥርዓቱ የተበላሸው ሰንሰለቱ ሲከብድ አይደለም፤ ሌላውን ጫፍ በውክልና ማስያዝ የተፈቀደ ጊዜ ነው።

ቀስ በቀስም ወህኒ ቤት መጣና ቁራኛ ቀረ። እዚህ ላይ ስለ ስሞቹ ጥቂት ብናገር ደስ ይለኛል። «እስረኛ» የገዛ ቃላችን ሲሆን፥ እስረኛው የሚገባበት ቤት ስም ግን ከልዩ ልዩ ስፍራ የተለቀመ ነው። ወህኒ የተራራ ስም ነው፤ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የጐንደር ነገሥታት መንገሥ ይችላሉ ብለው የፈሯቸውን ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡበት አምባ ነበር፤ ከዚያ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ግሼን ነበር። የልዑላን አምባ ስም ወርዶ ወርዶ የሌባ ቤት ስም ሆነ። ዘብጥያ የቱርክ ፖሊስ ስም ነው፤ ሥሩ ዐረብኛ ሆኖ አጥብቆ መያዝ ማለት ነው። ከርቸሌም የጣሊያን ካርቼሬ ነው፤ አባቱ ላቲን ሲሆን፥ ላቲኖቹ ይህንኑ ቃል የውድድር ፈረሶች ከመነሣታቸው በፊት ለሚታገዱበት በርም ይናገሩበት ነበር። ዓለም በቃኝ የሚባለው የአዲስ አበባ ከርቸሌ ፈርሶ፥ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በስፍራው ቆሟል። ዛሬ መንግሥት የሚጠራበት ስም ማረሚያ ቤት ነው።

ወህኒ ቤት ከቁራኛ ይሻላል ወይስ አይሻልም ለሚለኝ፥ ይሻላል እላለሁ። የተበደለ ሰው የራሱ ዘበኛ እንዳይሆን፥ ቂምም የሰንሰለት መክፈቻ እንዳይዝ አድርጓልና። ነገር ግን አንድ ነገር ተለውጧል። አሳሪው ማታ ቤቱ ይገባል። ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደ ሆነ ለማየት ወደ ሎንዶን እንሂድ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1824 ዓ.ም. የታላቁ ደራሲ የቻርልስ ዲከንስ አባት ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ 40 ፓውንድ ያህል መክፈል አቅቶት ማርሻልሲ በሚባል የባለዕዳዎች ወህኒ ቤት ታሰረ። ልጁ ገና 12 ዓመቱ ነበር፤ ከትምህርት ወጥቶ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገባ። ዳቦ ጋጋሪው ግን በማግሥቱም እንደ ወትሮው ዳቦውን ጋግሯል። ባለዕዳው ሲያስለው አልሰማም፤ ሕፃኑም በጭስ መካከል ሲሠራ አላየም። ክፉ ሰው መሆን አላስፈለገውም፤ አለማየት በቂ ነበር። እንግሊዞች ባለዕዳን ማሰር በብዙው የተዉት በ1869 ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1966 ያጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም በ1985 ዓ.ም. በዚህ ቃል ኪዳን ገብታበታለች። እንግዲህ ያ በገበያ ይለምን የነበረ ባለዕዳ ዛሬ ቢነሣ ሕግ ከሱ ጋር ነው።

በወንጀል ለተያዘ ሰውም ሕጉ አሳሪውን በሰዓት አስሮታል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቈጠር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ 48 ሰዓት ወስኖ ነበር። ይህ ቍጥር ለእኔ የኩታው ቋጠሮ የልጅ ልጅ ይመስለኛል። የያዘው መኰንን ሰዓቱን እያየ «አንተን ይዤ እኔም ተይዣለሁ» ማለት አለበት። የማይል እንደ ሆነ ግን ምን እንደሚሆን በየዘመኑ አይተናል፤ እስረኛው ስሙ በመዝገብ፥ መዝገቡም በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ዓመት ያልፋል።

አሁን ሰንሰለት የሌለበትን ቁራኛ ላንሣ።

ታላቅ እኅቴ ከወገቧ በታች አልንቀሳቀስ ብሏት አንድ ዓመት ተኩል ተኛች። እሑድ እሑድ የሚጠይቁን ዘመዶች «እትዬ የአልጋ ቁራኛ ሆነች!» እያሉ ከንፈር ይመጡ ነበር። አልጋ ግን እንጨት ነው፤ ማንንም አይቆራኝም። የእኅቴ ቁራኛ የልጇ ልጅ ነበረች። ሌሊት አያቷ ስትገላበጥ የምትነቃ እርሷ ናት፤ ገበያ ስትሄድ ደቂቃ እየቈጠረች የምትመለስ እርሷ ናት፤ የማታ ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆመች እርሷ ናት። የሰንሰለቱ ርዝመት ከአልጋው እስከ ጓሮው ቧንቧ ድረስ ነበር። ጠያቂ ሁሉ የሚያየው የተኛችውን ነው፤ ለልጅቱ «ጐበዝ፥ እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብሎ ይወጣል። እኅቴ ግን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ወንድሞቿን ሁሉ አስጠርታ፥ «እኔን ያሰረኝ በሽታ ነው፤ ይችን ልጅ ያሰራት ግን የእናንተ ዝምታ ነው» አለች። ያን ጊዜ ሌሊቶቹን ተከፋፈልናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ የእኔ ሆኑ፤ ሰኞና ረቡዕ የታናሽ ወንድሜ፤ ዓርብን አንዲት የሠፈር ሴት ሳንጠይቃት ወሰደችው። ልጅቱ ትምህርቷን በሚቀጥለው መስከረም ጀመረች። እኅቴ በዚያው ዓመት በግንቦት ዐረፈች፤ ልጅቱ ግን የዚያን ዓመት ትምህርት አላቋረጠችም።

አሁን ወጣቶች «ቁርኝት» የሚል ቃል በጋዜጣም በፍቅር ደብዳቤም ይጽፋሉ። «የሕዝብና የወንዙ ቁርኝት»፥ «የልብ ቁርኝት» ይላሉ። ብረቱ ከቃሉ ላይ ወልቆ ወድቋል። አንዳንድ እኩዮቼ ቋንቋው ተበላሸ ብለው ይቈጣሉ፤ እኔ ግን አልቈጣም። ሁለትነቱ አልጠፋምና ቃሉ ሞቷል ማለት አይቻልም።

ያልወለቀ ሌላ ቃል ደግሞ አለ፤ እርሱም «ተያዥ» ነው። «ያዘ» የግእዙ «አኀዘ» ነው። የገንዘብ ሳጥን የሚጠብቀውን ሠራተኛ «ገንዘብ ያዥ» እንለዋለን፤ ቢያጐድል የሚጠየቅለትን ዋስ ደግሞ «ተያዥ» እንለዋለን። ያዥና ተያዥ በአንድ ወረቀት ላይ ጐን ለጐን ይጻፋሉ፤ ስሙን የሰጠው ሰው ቁራኛን በዓይኑ ያየ ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በገንዘብ ያዥነት ሊቀጠር ሆኖ ወደ ቤቴ መጣ። አባቱ ሞቷል፤ አጎቶቹም አንፈርምም ብለዋል። ቡና ተፈልቶ እስክንጠጣ ድረስ ወረቀቱን ከኪሱ ለማውጣት አፍሮ ቆየ። መነጽሬን አምጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት፤ ያለችኝን ጡረታ አሰብሁ፤ ባለቤቴንም ጠየቅኋት። ከዚያም «ተያዥ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ባለው መስመር ላይ ስሜን ከነአያቴ ጽፌ ፈረምሁለት።